የተሰነጠቀ የፋይበር ኮፈን፦ ስቱኮ ይበቃዋል ወይስ ከሥር ይደረብ?

ዲኤክስ_አዳማ፦

ሰላም ወገኖች። መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ኮፈኑ የፋብሪካው ላሜራ ሳይሆን መሃሉ ላይ የአየር ማስገቢያ ያለው የፋይበር ግላስ ነው። ከግራው ማጠፊያ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ 28 ሴ.ሜ ገደማ ስንጥቅ አለው። በጣት ሲጫኑት ሁለቱ ጠርዞች ከፍና ዝቅ ይላሉ፣ መስመሩ ከሥርም ይታያል። በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ እነሱ ከሥር አይታዩም። ውፍረቱ ስንጥቁ አጠገብ 3 ሚ.ሜ ገደማ ነው። ከሥር በኩል የሞተር ዘይት ጠጥቷል።

እዚህ አዳማ ሁለት ጋራዥ ጠይቄ መልሱ አንድ ነው፤ "ስቱኮ ሞልተን እንቀባዋለን"። ይይዛል ወይ? ከሥር ማት (የብርጭቆ ክር ንጣፍ) ይደረብ ካላችሁ ስንት ድርብ፣ ስንት ግራም ሬዚን (ማቱ የሚጠጣውና የሚደርቅበት ፈሳሽ)? ሬዚኑ ፖሊስተር ይሻላል ወይስ ኢፖክሲ? ቀለሙ ነጭ ነው። ሥራው ግቢ ውስጥ ነው፤ ኮምፕሬሰር በኪራይ ይገኛል።

ባትላሜራ፦

አይይዝም። ስቱኮ ጉድጓድ ይሞላል እንጂ የተለያየ ነገር አያያይዝም። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ያ ስንጥቅ ይንቀሳቀሳል፣ ስቱኮ ደግሞ መተጣጠፍ አያውቅም። ቀለሙ አምሮ ይቆይና ትንሽ ሰንብቶ ፀጉር የመሰለ መስመር እዚያው ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ያኔ ቀለሙም ስቱኮውም ይነሳል፣ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሆናል።

መጀመሪያ ለምን እንደተሰነጠቀ ይታወቅ። ከማጠፊያ የሚነሳ ስንጥቅ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛ፣ ማጠፊያው ደርቆ ሲታገል ኃይሉ ወደ ፋይበሩ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ብሎኑ ሰፊ ሮንደላ ሳይኖረው በቀጥታ ፋይበሩ ላይ ጠብቋል። ሦስተኛው የእናንተ ከተማ ጉዳይ ነው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ ነፋሱ ከጎን ሲመታው በአንድ ማጠፊያ ላይ ይጠመዘዛል። ላሜራ ይህን ይችለዋል፣ ፋይበር አይችለውም። መንስኤው ሳይነሳ የሚደረበው ማት ስንጥቁን ከድርቡ ጠርዝ ወዲያ ማዛወር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የስንጥቁን ጫፍ በዓይን አትመነው። ቀለሙን 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንሳና ቦታውን አሴቶን በነካ ጨርቅ ጥረገው። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን ትንሽ ይቆያልና መስመሩ ጠቁሮ እስከ ጫፉ ይታያል። ብዙ ጊዜ በዓይን ከሚታየው 2 ወይም 3 ሴ.ሜ አልፎ ይገኛል። እውነተኛው ጫፍ ላይ በ3 ሚ.ሜ መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጣ፤ ስንጥቁ እዚያ ይቆማል። ከዚያ በአንድ ብር ሳንቲም ዙሪያውን አንኳኳ። ጥርት ያለ ድምፅ ካለ ጤነኛ ነው፤ ታፍኖ "ዱብ ዱብ" ካለ ሽፋኑ ከውስጥ አጥንቱ ተላቋል ማለት ነው፣ እሱም መታደስ አለበት።

ቀለም ማንሻ ኬሚካል እንዳታስጠጋው። ላሜራ ላይ የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ኬሚካሉ ጄልኮቱን (የፋይበሩን የላይ ሽፋን) እና ሬዚኑን ያለሰልሳል፣ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶም ከወር በኋላ አዲሱን ቀለም ያነሳል።

ዘይቱ ከመሞረድ በፊት ይውጣ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዘይት ያለበትን ፋይበር ብትሞርድ ዘይቱን ወደ ብርጭቆው ክር ታስገባዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይዝበትም። በፈሳሽ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠበው፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ቀጥሎ በአሴቶን፤ አንዱ ጨርቅ ያርሳል፣ ሌላው ደረቅ ጨርቅ ወዲያው ያነሳል። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። በቤንዚንም አትጥረገው፣ ቅባት ጥሎ ይሄዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ኮፈኑን ፈትተህ መሬት ላይ ገልብጠህ ከደረብክበት እንደተጣመመ ይደርቃል፣ ስትመልሰው አንዱ ጥግ ፓራፋንጎው ላይ ይቆማል። ስለዚህ መኪናው ላይ እንዳለ ዝጋው፣ ክፍተቱን አስተካክል፣ የስንጥቁን ሁለት ጠርዞች እኩል አድርገህ ከላይ በኩል ሦስት ወይም አራት ቦታ ቀጭን የላሜራ ቁራጭ በትንሽ ስቱኮ ለጥፍበት። ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል፤ ያኔ ፈትተህ ገልብጠው። ከላይ የለጠፍከው በኋላ ተሞርዶ ይሄዳል።

ከሥር በኩል ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 8 ሴ.ሜ፣ ከጫፎቹም 5 ሴ.ሜ አልፈህ በ40 ወይም 60 ቁጥር ሞርድ። የሚያብለጨልጭ ነገር እስኪጠፋና ነጣ ያለ የብርጭቆ ክር እስኪታይ ነው። የደረቀ ፖሊስተር ላይ አዲስ ፖሊስተር የሚይዘው በተቦጫጨረው ቦታ ብቻ ነው፤ ያብረቀረቀ ቦታ ከቀረ ከዚያ ይላጣል።

ማቱ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚባለው ይሁን። አንዱ ድርብ ሲደርቅ 1 ሚ.ሜ ገደማ ይሰጣል። ለአንተ ሦስት ይበቃሃል፦ 32 በ7፣ 35 በ11፣ 38 በ15 ሴ.ሜ። በመቀስ አትቁረጠው፣ ቅደደው። የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ስለሚያልቅ ከሥሩ ጋር ይዋሃዳል፤ የተቆረጠ ደረጃ ሠርቶ ይቀራል። የሦስቱ ክብደት ተደምሮ 53 ግራም ነው። ሬዚኑ የማቱን ሁለት ከግማሽ እጥፍ ያህል ስለሆነ 135 ግራም ይጠጣል፤ ብሩሽና ጣሳ ላይ የሚቀረውን ጨምረህ 200 ግራም አዘጋጅ፣ ግን በአንዴ ሳይሆን መቶ መቶ አድርገህ።

ካታሊስቱ፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ፣ ከ1 እስከ 2 ከመቶ በክብደት ነው። ለ100 ግራም ሬዚን 1.5 ከመቶ ማለት 1.3 ሚ.ሊ ገደማ ነው፤ መርፌው የወጣለት ባለ 5 ሚ.ሊ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዛና በሱ ለካ። "ሁለት ጠብታ ጨምርበት" የሚለውን እርሳው። በ25 ዲግሪ በዚህ መጠን ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ መርጋት ይጀምራል። የአዳማ ቀትር ላይ ወደ 1 ከመቶ ዝቅ አድርገው። ከ1 በታች ካወረድከው ግን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ለስልሶ ይቀራል፣ ፀሐይ አያድነውም። የተቀላቀለ ሬዚን ጥልቅ ጣሳ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ይግላል፣ ያጨሳል፤ ሰፋ ያለ ዝቅተኛ ሳህን ተጠቀም።

መጀመሪያ ቦታውን ሬዚን ቀባ፣ ትንሹን ማት አስቀምጥ፣ በብሩሽ ጫፍ እየነቀስክ አጠጣው። አትጥረግ፤ ብትጠርግ ክሩ ተጎትቶ ይሰበሰባል። ማቱ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሲሆን ጠጥቷል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ አየር ነው፣ ወደ ዳር እየነቀስክ አስወጣው። ሳትጠብቅ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። መጨረሻ ላይ ወፈር ያለ ላስቲክ አልብሰው፤ ፖሊስተር አየር ባገኘው ፊቱ ላይ እያጣበቀ ይቀራልና ብርጭቆ ወረቀትህን ይደፍንብሃል።

በማግስቱ ገልብጠው። ከላይ በኩል ስንጥቁን በጎድጓዳ ቅርጽ ክፈተው፤ መሃሉ 2 ሚ.ሜ ይጥለቅ፣ ወደ ዳር እየሳሳ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሴ.ሜ ይሂድ። ሁለት ጭረት ማት፣ አንዱ 2 ሴ.ሜ፣ ሌላው 4 ሴ.ሜ ስፋት ያለው፣ ይሞላዋል። ከዚያ ላይ ነው ስቱኮ የሚገባው፣ እሱም ቢበዛ 2 ሚ.ሜ። የስቱኮው ሃርድነር 2 ከመቶ ነው፣ ማለትም ለ100 ግራም 2 ግራም። ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ሲበዛ ትርፉ ፐሮክሳይድ ወደ ላይ ወጥቶ ቀለሙን ያበላሻል። ነጭ ላይ ደግሞ ቢጫ ጥላ ሆኖ ነው የሚታየው።

የሸረሪት ድሩ ሌላ በሽታ ነው፤ ጄልኮቱ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። ቀለም ብትደርብበት በወር ውስጥ ይመለሳል። ጄልኮቱን ብርጭቆው እስኪታይ አንሳና በካሬ ሜትር 30 ግራም የሆነውን ቀጭን የፊት ማት አንድ ድርብ አልብሰው። ክሩ እንዳይቆረጥ ቀስ ብለህ አስተካክለው።

ሬዚንና_ጨርቅ፦

ባትላሜራ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ማጠፊያው አጠገብ እኔ ኢፖክሲ ነው የምለው። አሮጌ ፖሊስተር ላይ የኢፖክሲ አያያዝ ከፖሊስተር ይበልጣል፣ ያ ቦታ ደግሞ ጫናውን ሁሉ የሚሸከመው ነው።

ግን ኢፖክሲ የሚገዛ ሰው በተራው ማት አይሥራበት። ማቱን አጣብቆ የያዘው ነገር የሚሟሟው ፖሊስተሩ ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው፤ ኢፖክሲ ስታይሪን ስለሌለው ማቱ ደርቆ ይቆማል፣ ጥምዝ ላይ አይተኛም። የተሸመነ የፋይበር ጨርቅ ያስፈልጋል። የኢፖክሲ ማጠንከሪያም እንደ ፖሊስተሩ ካታሊስት ስላልሆነ ቀነስ ጨመር አይደረግም፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ምጥጥን በሚዛን ይለካል። ብዙ ስለጨመርክ አይፈጥንም፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሲደርቅ ፊቱ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ያወጣል። ከመሞረድ በፊት በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ይታጠብ። ካልታጠበ የፖሊስተር ስቱኮው እታች ሳይደርቅ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል።

ባትላሜራ፦

ጨርቁ ከተገኘ አልከራከርም። ካልተገኘ ግን በማትና በፖሊስተር በደንብ የተሠራ፣ በማይሆን ማት ከተሠራ ኢፖክሲ ይበልጣል።

ዲኤክስ_አዳማ፦

ጋሽ ባትላሜራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስንጥቁ እንዳልከው 31 ሴ.ሜ ሆኖ ተገኘ፤ ማቶቹን በ3 ሴ.ሜ አስረዝማለሁ። ማቱና ፖሊስተሩ ተገዝቷል። ከሬዚኑ ጋር ግን ሁለት ጠርሙስ ነው የተሰጠኝ፤ አንዱ ጥቁር ሐምራዊ፣ አንዱ እንደ ውሃ ጥርት ያለ። ካታሊስቱ የትኛው ነው? ሁለቱንም አንድ ላይ ለክቼ ልጨምር?

ሐይቅ_ዳር፦

እንዳታደርገው! ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የፋይበር ጀልባ ለሚጠግን ሰው የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው። ሐምራዊው ኮባልት፣ ማለትም ማፍጠኛው ነው፤ ጥርት ያለው ካታሊስቱ፣ ኤም.ኢ.ኬ.ፒ የሚባለው። ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ እሳት ይነሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በአንድ ሲሪንጅ አትለካቸው፣ አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጣቸው፣ አንዱን የነካ ጨርቅ ሌላውን አይንካ።

ቀድመህ ሬዚኑ ኮባልት ገብቶበት እንደሆነ እወቅ። መልኩ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ቃና ካለው ብዙውን ጊዜ ገብቶበታል። ለማረጋገጥ 20 ግራም ሬዚን ላይ 0.3 ሚ.ሊ ካታሊስት ብቻ አድርግ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከረጋ ኮባልቱ አለበት፣ ሐምራዊውን ጠርሙስ መልሰው። ካልረጋ ኮባልት ያስፈልገዋል፦ ባለ 6 ከመቶ ኮባልት ከሆነ ከሬዚኑ ክብደት ከ0.2 እስከ 0.5 ከመቶ፣ ለ100 ግራም ቢበዛ ግማሽ ግራም ነው። እሱን ሬዚኑ ውስጥ ጨምረህ መልኩ አንድ ዓይነት እስኪሆን በደንብ አማስለው። ካታሊስቱ ከዚያ በኋላ ብቻ ይገባል።

ካታሊስት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። መነጽር አድርግ፣ አጠገብህ አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ ይኑር፤ ከነካህ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያፈሰስክ ታጠብና ሐኪም ዘንድ ሂድ። የተረፈውን ቅልቅል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣል፤ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ደርቆ ይቀዝቅዝ። ለሚያሳክከው የብርጭቆ ብናኝ ደግሞ እጅጌህን በፕላስተር ዝጋ፣ ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ።

እጅ_ቀለም፦

ስለ ቀለሙ ማንም ስላላነሳው እኔ ልግባ።

አትቸኩል። አዲስ የተደረበ ፖሊስተር ሳይጠነክር ከተቀባ፣ ሞተሩና ፀሐዩ ሲያሞቁት ይሰበሰብና የማቱ ክር ከቀለሙ ሥር እንደ ወንፊት ይታያል። ከደረብክ በኋላ ለአራት አምስት ቀን በየቀኑ ፀሐይ ላይ አውጣው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተህ። ተራው ፖሊስተር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ነጭ መምረጥህ ጥሩ ነው፤ ጥቁር ኮፈን በአዳማ ፀሐይ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም።

ስቱኮውን በ80 ቅርጽ አስይዘው፣ በ180 አለስልሰው፣ በ240 ጨርስ። በእጅ ሳይሆን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ፤ በጣት ከፈገፈግከው የጣትህ ጉድጓድ ቀለሙ ላይ ይታያል። እርቃኑን ያለ ስቱኮ በውሃ አትፈግፍግ፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ከወራት በኋላ ፊኛ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ከፕራይመር በኋላ ነው።

ሲሞረድ የመርፌ ቀዳዳዎች ብቅ ይላሉ። "ፕራይመሩ ይሞላዋል" የሚል ሰው ስንት ኮፈን አበላሽቷል። ፕራይመሩ አፉን ይደፍነዋል፣ ውስጡ የቀረው አየር ሲሞቅ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። እያንዳንዱን በመርፌ ጫፍ ከፈት አድርገህ ቀጭኑን የማጨረሻ ስቱኮ በስፓቱላ ጠርዝ በሁለት አቅጣጫ ጭነህ አስገባ።

ፕራይመሩ 2ኬ ይሁን፣ ማለትም ሃርድነር ያለው። መጀመሪያ አንድ እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር፤ ፋይበሩን፣ ስቱኮውንና የድሮውን ቀለም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ወፍራሙ የሚፈገፈግ ፕራይመር፣ በየመሃሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ እየጠበቅህ። ርካሹ ናይትሮ ፕራይመር በቲነር ብቻ ስለሚደርቅ ከቀናት በኋላም ይሰበሰባል፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጭረት አንድ በአንድ ያወጣብሃል።

ፕራይመሩ ሲደርቅ ጥቁር ቀለም በጣም አሳስተህ እንደ ጤዛ እርጭበት። በእንጨት ስትፈግፍገው ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። በደረቅ 320 ጀምር፣ በውሃ 400 ጨርስ። ፓራውልት ላይ የሚጨመረው ማለስለሻ ፈሳሽ እዚህ አያስፈልግም፤ ያ ለሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ነው፣ ፋይበር ኮፈን ግትር ነው።

ነፋሱን በተመለከተ፦ የአዳማን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የሚያዞር ነፋስ አቧራውን ከኮፈንህ ላይ አያነሳም፣ ያመጣዋል እንጂ። በበጋ ከሆነ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተህ እስከ 3 ሰዓት ጨርስ። ግቢውን ከአንድ ሰዓት በፊት ውሃ እርጨው፣ ከላይና ከሦስት ጎን ላስቲክ ወጥር። ቲነሩ ለሙቀት የሚሆነው ቀርፋፋው ይሁን፤ ፈጣኑ ቀለሙ ኮፈኑ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና ብርጭቆ ወረቀት የመሰለ ሸካራ ፊት ይሰጥሃል። የ2ኬ ሃርድነር ኢሶሲያኔት ስላለበት የአቧራ ማስክ ምንም አያግደውም። ንጹህ አየር በቱቦ የሚሰጥ ማስክ ካልተገኘ እስከ ስቱኮው ራስህ ጨርስና ለ2ኬ ፕራይመሩም ለመጨረሻው ቀለምም ያ ያለው ሰው ዘንድ ውሰደው።

ዲኤክስ_አዳማ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ለነጭ 400 ይበቃል ወይስ 600 ልጨምር? ብሎኖቹስ?

እጅ_ቀለም፦

ብልጭልጭ የሌለው ነጭ ከሆነ 400 ይበቃል። 600 ለሜታሊክ ነው።

ባትላሜራ፦

ብሎኑ ሥር 3 ሚ.ሜ የአልሙኒየም ሳህን፣ 6 በ10 ሴ.ሜ፣ በስቱኮ ሳይሆን በሬዚንና በማት አጣብቅ። ከሳህኑ ሥር የብሎን ቀዳዳውን ከብሎኑ 2 ሚ.ሜ አስፋው፣ ሰፊ ሮንደላ አድርግ። በእጅ እስኪይዝ አጥብቀህ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምርበት፤ ፋይበሩ ሲንጫጫ ከሰማህ አልፈሃል። ከመቀባቱ በፊት አንድ ጊዜ መኪናው ላይ ግጠመው፣ ዙሪያው 4 ወይም 5 ሚ.ሜ ክፍተት ይኑረው። ከፊት በኩል ከኮፈኑ ሥር ያሉትን ትናንሽ የላስቲክ መደገፊያዎች ኮፈኑ እስኪያርፍባቸው ከፍ አድርግ፤ ዝቅ ካሉ መቆለፊያው ብቻውን ይጎትተዋል፣ ሁለተኛው ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ሲዘጋም ከላይ ለቅቀህ አታፍርጠው፤ መቆለፊያው ቀጥታ ላይ በሁለት መዳፍ ተጫነው።